ተራራ ላይ ጀንበር ስትወጣ ለማየት፦ የሌሊት ጉዞ ከዝግጅት እስከ መውረድ

ሌሊት ተራራ የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ ስጋት አለው። «ፀሐይዋ ብትቀድመኝስ?» ይላል። ስለዚህ ለጥንቃቄ ብሎ በጣም ቀደም ብሎ ይነሳል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው። አቀበቱ ላይ ያላበው ጀርባው ይቀዘቅዛል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ተንቀጥቅጦ ጀንበር ብቅ ስትል፣ እሱ የሚያስበው «መቼ ነው የምንወርደው?» ብቻ ነው።

አርፍዶ የደረሰ ሰው ትንሽ ነገር ያመልጠዋል። አብዝቶ የቀደመ ግን ሁሉንም ያያል፣ በምኑም አይደሰትም። ምረጥ ብባል ማርፈዱን እመርጣለሁ። ለዚህ ነው እዚህ ላይ ስለ ሰዓት ደጋግሜ የማወራው። ልብሱም፣ ባትሪውም፣ ስንቁም የሚያገለግሉት ወጋገን ሲታይ ሰውነታችሁ ሳይበርድ ቦታው ላይ እንድትገኙ ነው።

የማወራው በእግር ተሄዶ ስለሚወጣ ተራራ ነው። ገመድና የበረዶ መጥረቢያ የሚጠይቅ ተራራ ሌላ ትምህርት፣ ሌላ አስተማሪም ይፈልጋል።

ተራራውን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በቀን የምታውቁትን መንገድ ምረጡ። ቀን ላይ «ቀላል ነው» ያላችሁት መንገድ በጨለማ ሌላ ሰው ይሆናል። መታጠፊያው ይጠፋል፣ ገደሉ አይታይም፣ ርቀቱ ይረዝማል። በቀን ሄዳችሁበት ካላወቃችሁ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። ለብቻ መሄድን አልመክርም፤ ቁርጭምጭሚት ወለም ለማለት አንዲት ድንጋይ ትበቃለች።

ጉዞው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ከግርጌው ማታ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ መውጣት ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ግማሹን ወይም ሁለት ሦስተኛውን ወጥቶ፣ እዚያው በድንኳን ወይም በማደሪያ ቤት አረፍ ብሎ፣ ቀሪውን ሌሊት መጨረስ ነው። በማሌዥያው ኪናባሉ ተራራ ሰዎች 3,270 ሜትር አካባቢ ያድሩና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነስተው ወደ 4,095 ሜትሩ ጫፍ ይወጣሉ። በኪሊማንጃሮ በባራፉ መንገድ የሚሄዱት ከ4,673 ሜትር እኩለ ሌሊት ላይ ይነሳሉ። ጫፉ 5,895 ሜትር ስለሆነ በዚያች አንዲት ሌሊት ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ አለባቸው።

የመጀመሪያው ዘዴ ለዝቅተኛ ተራራ ይሆናል። ከፍ ላለው ግን እንቅልፍ ማጣት፣ ብርድና የኦክስጅን ማነስ አንድ ላይ ይመጣሉ። በጃፓኑ ፉጂ ተራራ (3,776 ሜትር) ብዙ ሰው ሳያርፍ ሌሊቱን በአንድ ትንፋሽ ሽቅብ ይል ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2024 የመውጫ ወቅት ጀምሮ ግን በዮሺዳ መንገድ ላይ በር ተተክሏል። የማደሪያ ቤት ያልያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ በሩ ከተዘጋ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አያልፍም። የኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ መንገድ ላይ ማደር አለበት።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ። አንደኛ፣ ሌሊት መውጣት ይፈቀዳል ወይ? ፈቃድ ወይም መሪ ግዴታ ነው ወይ? ኪሊማንጃሮም ኪናባሉም ያለ መሪ አይወጡም። ሁለተኛ፣ ምሥራቁ ክፍት ነው ወይ? ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከጫፉ በስተምሥራቅ ሌላ የሚበልጥ ሸንተረር ካለ፣ ጀንበሯን የምታዩት ሰማዩ ቀለሙን ከጨረሰ በኋላ ነው። ካርታውን ዘርግታችሁ እዩ። አንዳንዴ ከጫፉ 150 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠ ትከሻ ከጫፉ ይሻላል።

ቀኑን መቁረጥ

ጨረቃን አስቀድሙ። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ትጠልቃለች። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አላችሁ ማለት ነው። ንጋት ላይ ደግሞ በምሥራቅ ጀንበር ስትወጣ በምዕራብ ጨረቃ ስትገባ ታያላችሁ። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ቀናትም ጥሩ ናቸው። አመሻሹ ላይ ባትኖርም እናንተ በምትሄዱበት ሰዓት ከላይ ናት። ከሙሉ ጨረቃ በፊት ያሉት ቀናት ግን ተቃራኒ ናቸው፤ በጣም በምትፈልጓት በመጨረሻው ሰዓት ጠልቃ ጨለማ ላይ ትጥላችኋለች። ኮከብ ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ይምረጥ፤ ባትሪውን ግን አብዝቶ ይያዝ።

የአየር ትንበያውን ስታዩ የከተማውን ሳይሆን የጫፉን እዩ። ሽቅብ ስትሄዱ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። 1,500 ሜትር ላይ ያለው ከተማ ንጋት ላይ 15 ዲግሪ ከሆነ፣ 4,000 ሜትር ላይ ከዜሮ በታች ልትገቡ ትችላላችሁ። ይህ ነፋሱን ሳይጨምር ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ቆዳችሁ የሚሰማው −7 ያህል ነው። ስለዚህ ከዝናብ ቀጥሎ የማየው የነፋሱን ቁጥር ነው። ኃይለኛ ነፋስ ከተተነበየ ቀኑን ለውጡ። ተራራው የትም አይሄድም።

ስለ ደመና አትጨነቁ፤ ዓይነቱን ብቻ ለዩ። ጥርት ያለ ሰማይ ያምራል፣ ቀለሙ ግን ቶሎ ያልቃል። ከፍ ብሎ የተበታተነ ስስ ደመና ካለ ከታች የሚመጣው ብርሃን ያቃጥለዋል፤ ያኔ ነው ሰማዩ ቀይና ብርቱካናማ የሚሆነው። ዝቅተኛ ደመናም ቢሆን እናንተ ከበላዩ ከሆናችሁ ሀብት ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ እርጥበት ካለ ጉሙ እዚያው ይተኛል። ጠዋት ጫፎቹ ብቻ ብቅ ብለው የደመና ባሕር ታያላችሁ። በዚያው ምክንያት ድንኳን ስትተክሉ ሸለቆው ወለል ላይ አትትከሉ። ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይሞቃል።

ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር

እዚህ ላይ ወረቀት አውጡ። በመጀመሪያ የዕለቱን የፀሐይ መውጫ ሰዓት ያዙ። የስልኩ አፕ 6:20 ሲላችሁ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12:20 ነው። ቡድኑ ውስጥ የተለያየ አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው ካለ ቀጠሮውን በጽሑፍ ተስማሙ። በዚህ ምክንያት ስንት ጉዞ ተበላሽቷል!

ግን እናንተ የምትፈልጉት የፀሐይ መውጫውን አይደለም። ዋናው ትርኢት ያለው ከዚያ በፊት ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ንጋቱ አጭር ነው። አድማሱ መለየት የሚጀምረው ከመውጫዋ 45 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነው። የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ላይ ያለ ባትሪ መንገድ ይታያል። ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋችሁ ቁጥር ፀሐይ በሰያፍ ስለምትወጣ ይህ ጊዜ ይረዝማል፤ ቀኑ በሚረዝምበት ወቅት ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ከፍታም የራሱን ይጨምራል። 4,000 ሜትር ላይ ቆማችሁ ምሥራቁ እስከ ባሕር ጠለል ክፍት ከሆነ፣ አድማሱ ከናንተ በታች ስለሚወርድ ጀንበሯን ከግርጌው ሰው 7 ደቂቃ ያህል ቀድማችሁ ታያላችሁ። አፑ ይህን አያስብላችሁም።

ስለዚህ መውጫው 12:20 ከሆነ፣ ቦታችሁ ላይ መገኘት ያለባችሁ 11:40 ላይ ነው። አሁን መንገዱን አስሉ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ በእ.ኤ.አ. 1892 ያወጣት ስሌት እስከ ዛሬ ትሠራለች፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ሽቅብ አንድ ሰዓት ጨምሩ። መንገዳችሁ 6 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 900 ሜትር ነው እንበል። ርቀቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ሽቅቡ 1 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ድምሩ 2 ሰዓት ከ42 ነው።

ይህ ግን በቀን ለሚሄድ፣ ጠንካራ ለሆነ፣ ለማያርፍ ሰው ነው። ለጨለማው ግማሹን እጨምራለሁ፤ ወደ 4 ሰዓት ይሆናል። ለዕረፍትና ለሽንት ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ከ11:40 ላይ 4 ሰዓት ተኩል ስትቀንሱ ከሌሊቱ 7:10 ይመጣል። መነሻችሁ ይህ ነው። ከ3,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ይህ ጭማሪም አይበቃም፤ የኪሊማንጃሮ የመጨረሻ ሌሊት 6፣ 7 ሰዓት የሚፈጀው ርቀቱ ረዝሞ አይደለም፣ ትንፋሹ አጥሮ ነው።

ቀድማችሁ ብትደርሱስ? መፍትሔው የመቆያ ቦታ ነው። ከጫፉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዝቅ ብሎ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ካርታ ላይ ፈልጉ፦ ትልቅ ቋጥኝ፣ ጎድጎድ ያለ ሜዳ፣ የድንጋይ ካብ። ሰዓታችሁ ከቀደመ እዚያ ቁሙ። የደረቀ ልብስ ልበሱ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ፣ 11:15 ሲሆን ተነሱ። ራቁት ጫፍ ላይ ከመጠበቅ እዚህ መጠበቅ በብዙ ይሻላል።

አርፍዳችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰዓት ያዙ። «11 ሰዓት ላይ እዚህ ሸንተረር ካልደረስን፣ ምሥራቅ የሚታይበት ቦታ ላይ ቁጭ ብለን እናያለን» ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። አቀበት ላይ እየሮጡ ጀንበር ማሳደድ ሰው ይጥላል። ለሸንተረሩም ቢሆን ያችው ፀሐይ ናት የምትወጣው።

የሚያዝ ነገር

መብራት፦ ለየሰው አንድ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። የስልክ መብራት አይሆንም፤ እጅ ይይዛል፣ ቻርጅ ይጨርሳል፣ ወድቆም ይሰበራል። ትርፍ የባትሪ ድንጋይ ያዙ፣ ለቡድኑ ደግሞ አንድ ትርፍ መብራት። ብርድ የባትሪ ጉልበት ስለሚቀንስ ትርፉንና ስልኩን ወደ ሰውነት በተጠጋ ኪስ አኑሩ። ሊሞሉ ከማይችሉት መካከል ሊቲየም የሚባለው ብርድን ከአልካላይን ይበልጥ ይችላል። ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ ራሱን የሚያበራ መብራትም አለ። ማታ ሞልታችሁት ሌሊት ባዶ የምታገኙት እሱን ነው። ቁልፉን ዝጉት ወይም አንዱን ድንጋይ ገልብጡት።

ልብስ፦ አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን ድርብርብ ልብስ። ከቆዳችሁ ቀጥሎ ላብ የማይዝ ስስ ልብስ (ሱፍ ወይም ሲንቴቲክ)፣ ከላዩ የሚያሞቅ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጥጥ ቲሸርትና ጂንስ ቤት ይቅሩ። ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀመጣል፣ ስትቆሙ በረዶ ይሆንባችኋል። ኮፍያ፣ ሁለት ዓይነት ጓንት (ስስና ወፍራም)፣ ትርፍ ካልሲ። ጫማው ቀድሞ የተለማመዳችሁት ይሁን። አዲስ ጫማ ለዚህ ሌሊት አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምከር ብባል፣ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ደረቅ የውስጥ ልብስ እላለሁ። መቆያው ቦታ ላይ ስትደርሱ ትንፋሻችሁ ከመርገቡ በፊት ደረቁን ጉልበታችሁ ላይ ዘርጉ። ወፍራሙን ጃኬት ለጓደኛ አስይዙ። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡና ርጥቡን በአንድ ጊዜ አውልቁ፣ ደረቁን ልበሱ፣ ጃኬቱን ደርቡ። ለግማሽ ደቂቃ ትሳደባላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ያለው አንድ ሰዓት ሌላ ዓለም ነው።

ውሃ፦ ከዜሮ በታች ከሆነ በቱቦ የሚጠጣው ቦርሳ መጀመሪያ ቱቦው ይረጋል። ከጠጣችሁ በኋላ በቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ በትንፋሽ ወደ ኋላ ግፉት። ጠርሙስ ከሆነ ክዳኑን በደንብ አጥብቃችሁ ገልብጣችሁ ያዙት። በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ አፉ ሳይዘጋ ይቆያል። ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ያዙ።

ስንቅ፦ ለመክፈትና ለማኘክ የማያስቸግር። ቸኮሌት በብርድ ድንጋይ ይሆናል፤ ቤት ሳላችሁ በትንንሹ ቆራርጣችሁ ኪስ ውስጥ አኑሩት። ተምር፣ ኦቾሎኒ፣ ብስኩት ጥሩ ናቸው። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ባይርባችሁም በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ጉረሱ።

ቀሪው፦ ዳውንሎድ የተደረገ ካርታ፣ ፓወር ባንክ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ሙቀት የሚይዝ የብር ወረቀት ብርድ ልብስ፣ የፀሐይ መነጽርና ክሬም፣ ለመውረጃ የእግር ጉዞ ዘንግ፣ ፊሽካ። በተራራ የጭንቅ ጥሪ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት ነው። አንድ ደቂቃ አርፋችሁ ትደግሙታላችሁ። በባትሪ ብልጭታም እንደዚያው ነው። መልሱ በደቂቃ ሦስት ነው።

ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ተናገሩ። ተመላሽ ሰዓት ያልተነገረው ሰው መቼ እንደሚጨነቅ አያውቅም።

ከፍታውና ሰውነት

ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ማንንም ሊይዝ ይችላል። ጉልበት አይመርጥም። እንዲያውም ጠንካራው ፈጥኖ ከወጣ ይበልጥ ሊያዝ ይችላል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት መቀነስ ነው። 5,500 ሜትር ላይ ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ግማሽ ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም እንደዚያው።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የማይገባ ድካም ነው። ብዙ ጊዜ ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይመጣል። ሌሊት ላይ «እንቅልፍ ስላጣሁ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እንዲህ አስቡ፦ ከፍታ ላይ ራስ ምታት ካለ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ነው። ቀላል ከሆነ ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ አትጨምሩ። ከባሰ ውረዱ።

ሁለት ምልክቶች ግን ለምክክር ጊዜ አይሰጡም። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ጣቱ ፊት እያስቀመጠ መራመድ ካቃተው ወይም ከዘባረቀ አንጎሉ ውሃ እየያዘ ነው። ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለው፣ ደረቱ ካንኮራኮረ ደግሞ ሳንባው ነው። ሁለቱም ይገድላሉ። በዚያው ሰዓት፣ ጨለማም ቢሆን፣ ከሰው ጋር አውርዱት። ጀንበሯን ለማየት አንድ ሰዓት ቢቀርም።

መከላከያው ጊዜ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን እዚያው ቆዩ። አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ለማን እንደሚሆንና መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ምሽት አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ይቅር። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውም ሆነ ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይነሱ።

የመነሻው ምሽት

እራት በጊዜ ይበላ፣ ከበድ ያለ ቅባት አይኑረው። ቦርሳው ከመኝታ በፊት ይጠናቀቅ። መጀመሪያ የምትለብሱት ልብስ በቅደም ተከተል ራስጌያችሁ ይሁን። ከዚያ ጋደም በሉ። እንቅልፍ አይመጣ ይሆናል፤ አትናደዱ። ዓይንን ጨፍኖ አግድም መሆኑ ራሱ እግርን ያሳርፋል። ድንኳን ውስጥ ከሆናችሁ ነገ የሚለበሰውን ካልሲና ጓንት የመኝታ ከረጢት ውስጥ አስገቡት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሞቅ ያለ ካልሲ ማግኘት ከስብከት ይበልጣል።

በጨለማ መሄድ

ስትነሱ ትንሽ ይብረዳችሁ። ቆማችሁ ከሞቃችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልባችኋል ማለት ነው። ወፍራሙን ጃኬት ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ከአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ቁሙና ልብስና የጫማ ማሰሪያ አስተካክሉ።

ፍጥነቱ እያወሩ የሚሄዱበት ይሁን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ አቀበት ሳይሆን አይቀርም። ዳገቱ ሲጠና አንድ ዘዴ አለ። አንዱን እግር ወደ ፊት ስታደርጉ የኋላውን ጉልበት ቀጥ አድርጋችሁ ክብደታችሁን ለአፍታ አጥንቱ ላይ ጣሉት። ጡንቻው በየእርምጃው ያርፋል። ከዚያ ሌላው እግር። ከሩቅ ሲያዩት ያስቃል፤ ለአራት ሰዓት የሚያስኬድ ግን ይሄ ነው።

ቡድን ከሆናችሁ ከሁሉ የሚዘገየው ሰው ከመሪው ቀጥሎ ይሁን። ከኋላ ከጠንካሮቹ አንዱ ይዝጋ። መንታ መንገድ ላይ ሁሉም ሳይደርስ ማንም አይለፍ። ዕረፍቱ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ከዚያ ካለፈ ብርዱ ይገባል።

ስለ መብራቱ ሁለት ነገር። ግንባር ላይ ያለ መብራት ከዓይናችሁ ጎን ስለሚወጣ የድንጋዩን ጥላ ይደብቀዋል። መሬቱ ጠፍጣፋ ይመስላል፣ እግር ይሰናከላል። አስቸጋሪ ቦታ ላይ መብራቱን ፈትታችሁ ወገባችሁ ላይ ያዙት። ጥላው ይረዝማል፣ ጉድጓድና ጉብታው ይለያል። ሌላው፣ ዓይን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሰው ወደ ፊታችሁ ሲያበራ ያ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ይጠፋል። ስታወሩ መብራቱን ወደ መሬት አድርጉ። ቀይ መብራት ካለው ዕረፍት ላይ እሱን ተጠቀሙ።

መንገድ ከጠፋባችሁ ቁሙ። «ወደ ፊት ሳይገናኝ አይቀርም» የምትለዋ ሐሳብ ገደል ትወስዳለች። እርግጠኛ ወደሆናችሁበት የመጨረሻ ምልክት ተመለሱ። ካልተገኘ ንጋትን እዚያው ጠብቁ፤ ልብስ ይዛችኋል።

ጫፉ ላይ

ከጠርዙ ራቅ፣ ከነፋሱ ከለል ብላችሁ ተቀመጡ። ድንጋይ ላይ በቀጥታ አትቀመጡ። ሙቀታችሁን የሚመጠው እሱ ነው፤ ቦርሳውን አንጥፉ። ያለችውን ልብስ ሁሉ ልበሱ።

ሁሉም ሰው ወደ ምሥራቅ ያያል። እናንተ መሃል መሃል ላይ ዘወር በሉ። ፀሐይ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ በምዕራብ አድማስ ላይ ሰማያዊ ግራጫ ቀበቶ ይታያል። ከላዩ ሮዝ ቀበቶ አለ። ያ ግራጫው የምድር ጥላ ነው፤ ከባቢ አየሩ ላይ ያረፈ የራሷ የምድር ጥላ። ጀንበር እየቀረበች ስትመጣ ዝቅ ዝቅ ብሎ ይሰምጣል።

ፀሐይ ብቅ እንዳለች ደግሞ የተራራው ጥላ ይመጣል። ከእግራችሁ ጀምሮ ሜዳውንና ደመናውን አቋርጦ በምዕራብ ይዘረጋል። ተራራው ጫፉ ጠፍጣፋ ይሁን የተቆራረጠ፣ ጥላው ከላይ ለሚያየው ሹል ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ጥላው በጣም ረጅም ስለሆነ ርቀቱ ጠርዞቹን አንድ ነጥብ ላይ ያገናኛቸዋል። ከበታቻችሁ ጉም ካለ የራሳችሁን ጥላ ጉሙ ላይ ፈልጉ። የጭንቅላታችሁ ጥላ ዙሪያ ባለቀለም ቀለበት ሊኖር ይችላል። ይህ ጥላ በእ.ኤ.አ. 1780 ዮሐን ዚልበርሽላግ በጀርመኑ ብሮከን ተራራ ላይ አይቶ ስለገለጸው ዛሬም በዚያ ተራራ ስም ይጠራል። ጎናችሁ ያለው ሰው ቀለበቱን የሚያየው በራሱ ጭንቅላት ዙሪያ ብቻ ነው። «እኔ ነኝ የተመረጥኩት» ብላችሁ እንዳትጣሉ።

ፎቶ ስታነሱ ስክሪኑ ላይ ብሩሁን የሰማይ ክፍል ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት፤ አለበለዚያ ቀለሙ ነጭ ይሆናል። በቢኖኩላር ወይም በካሜራ የመስታወት ማያ ፀሐይን በቀጥታ አትዩ። ከዚያ ስልኩን ኪስ ክተቱት።

ጀንበር ወጣች ብላችሁ ልብስ አታውልቁ። የቀኑ ከባዱ ብርድ ንጋት ላይና ከዚያ ትንሽ ቆየት ብሎ ነው። መሬቱ ከሚቀበለው ሙቀት የሚያጣው ገና ይበልጣል።

መውረድ

ሰው ጉዞው ያለቀ የሚመስለው እዚህ ነው። ግማሹ ቀርቷል፤ እግር ደክሟል፣ እንቅልፍ መጥቷል፣ ትኩረት ሄዷል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ብሉ፣ የጫማችሁን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፤ ጣታችሁ ከፊት እንዳይጋጭ። ዘንጉን አስረዝሙት። እርምጃው አጭር፣ ጉልበቱ በትንሹ የታጠፈ ይሁን።

ክሬሙን ቀቡ፣ መነጽሩን አድርጉ። የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ በረዶ ካለ ደግሞ እስከ 80 በመቶውን መልሶ ወደ ፊታችሁ ይወረውረዋል። ከንፈርና ከአፍንጫ ሥር አትርሱ። ሌሊት የረጋው መሬት ሲቀልጥ ጭቃ ይሆናል፣ ያያዛቸው ድንጋዮችም ይለቃሉ። ብዙ ተራሮች ላይ መብረቅና ዝናብ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጫፉ ላይ አትተኙ።

ታች ስትደርሱ ለጠበቃችሁ ሰው ደውሉ። መኪና ይዛችሁ ከሆነ ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ተኙ፣ ወይም ያልወጣ ሰው ይንዳ። ይህችን እንቅልፍ ገና ከመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ ከሰዓቶቹ ጋር ጻፏት፤ ካልተጻፈች ማንም አይተኛትም።